ከጥሪ በፊት የተሰቀለ ቁልፍ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ያ ደረጃ ባየ ቁጥር የሚያጉረመርመው ጉልበትሽ እንዴት ነው? የደም ግፊት ክኒንሽን በሰዓቱ ትውጫለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ዛሬ ደህና ነኝ» እያልሽ ለነገ ታሳድሪዋለሽ? ባለቤትሽስ ጡረታ ወጥቶ ቤት መዋሉን ለመደው? ወይስ አሁንም ማለዳ ተነስቶ ጫማውን ወልውሎ መሄጃ አጥቶ ይቀመጣል? ትንሿ ልጅሽ ፈተናዋን እንዴት አደረገችው? ጣሪያውስ ማፍሰሱን ተወ? እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ያለሁበትን ቢያስታውሰኝም ቆሜ እሸጣለሁ። ልጅሽም ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሠራል። ይህን ገና ከጅምሩ የጻፍኩልሽ ልብሽ ዐርፎ ሌላውን እንድታነቢ ነው።

በጭነት መኪና ሾፌሩ እጅ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። «ልጄን አደራ ብዬ ሰጠሁሽ እንጂ ለገደል አልዳርኩትም» ያልሽው ቃል ሳምንቱን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ተንጠልጥሎ ከረመ። የጎረቤት ልጅ ቪዲዮውን በስልኳ ባታሳይሽ ኖሮ አታውቂም ነበር፤ እኔም ለማሳወቅ አልቸኮልኩም፤ በዚህ ብትቆጪ ልክ ነሽ። ልጅሽ በገመድ ተንጠልጥሎ ከሥሩ ጭጋግ ብቻ ሲታይ ማየት ለእናት የሚሰጥ ነገር አይደለም። «ከዚያ ገደል አውርጂልኝ፤ ነገ ለአንድ ቅብጥብጥ ሰው ሲል ቢቀርብኝ ዓይንሽን አላይም» ብለሻል። አልተቀየምኩሽም። እንዲያውም አንቺ ሳትዪኝ በፊት እኔው ለራሴ ብዬዋለሁ። አሁን ላወርደው ሞክሬ የገጠመኝን ልንገርሽ፤ ያየሁትን ከጠረጠርኩት ለይቼ። ታውቂኛለሽ፣ የተቀደደ ጆንያ በደህናው በኩል አዙሬ አልሸጥም።

ሱቄን ካየሽው ቆይተሻል። አስፋልቱ አልቆ ወደ ተራራው የሚወስደው ጠጠር መንገድ የሚጀምርበት ላይ ነው። ገመድ፣ የዝናብ ልብስ፣ ቦት ጫማ፣ የራስ ባትሪ፣ ሸራ፣ ሚስማር፣ ባልዲ እሸጣለሁ፤ ተራራ ወጪው ገመዱን፣ የከተማው ሰው ባልዲውን ይገዛል። ከኋላ ያለችው መጋዘን የነፍስ አድኖቹ ዕቃ ማስቀመጫ ነች። ቃሬዛቸውም ረጃጅም ገመዳቸውም እዚያ ነው፤ የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ወገብ ላይ፣ የመጥሪያ ስልካቸውም እኔ ባንኮኒ ላይ ነው። ነፍስ አድን ስልሽ ደሞዝተኛ እንዳይመስልሽ። አለቃቸው የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ከተማው ሁሉ «ጋሽ ቧንቧ» ነው የሚለው። አንዱ ፀጉር አስተካካይ፣ አንዱ በያጅ፣ ልጅሽ ደግሞ እንደምታውቂው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ስልክ ሲደወል የያዙትን ጥለው ይወጣሉ፤ የፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ ግማሽ ጭንቅላቱን ተላጭቶ ሲጠብቅ የዋለበት ቀን አለ።

ከሚዛኔ በስተኋላ ግድግዳው ላይ ሚስማር የተመታበት ጣውላ አለ። ሊወጡ ሲሉ እያንዳንዱ የቤቱን ቁልፍ በየራሱ ሚስማር ላይ ይሰቅላል። ነገሩ የመጣው እኔ እዚህ ከመክፈቴ በፊት ነው፤ አንዱ ከገደል ወድቆ ሲሞት የቤቱ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ቀረ። ሚስቱና ልጆቹ ከገዛ በራቸው ፊት ቆመው እያለቀሱ በሩ ተሰበረላቸው። ከዚያ ወዲህ የቤቱን ቁልፍ ይዞ ገደል የሚወጣ የለም። ቁልፍ የሚሰቀለው ግን ስልክ ከተደወለ በኋላ ነው። ጋሽ ቧንቧ «ሳይጠራ የሚሰቅል ሰው ልቡ ቀድሞት ወጥቷል፤ ልቡ ለቀደመው ሰው ገመድ አላስይዝም» ይላል። ደግሞም የሰቀለው ራሱ ተመልሶ ያነሳዋል እንጂ የሌላውን ቁልፍ ማንም አይነካም። እኔ እንኳ አቧራ ስጠርግ ዙሪያውን ነው የምጠርገው።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ። ራሱን «ንስሩ» ብሎ ይጠራል። ከትልቁ ከተማ እየመጣ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ራሱን ይቀርጻል፤ የሚያየው ሕዝብም ለጉድ ነው። የገበያችን ሴቶች ግን «ጫጩቱ» ነው የሚሉት፣ ሁልጊዜ ከወደቀበት የሚያነሳው ስለሚፈልግ። የመጀመሪያው ጊዜ ጭጋግ ውስጥ መንገድ ጠፋው ተባለ፤ ወጥተው አወረዱት፤ በማንም ይደርሳል አልን። ሁለተኛው ጊዜ ድንጋዩ የላላበት፣ አትውጡ ተብሎ የተጻፈበት ቦታ ላይ ወጥቶ መውረጃ አጣ። አንቺ ያየሽው ቪዲዮ የዚያን ቀን ነው። ቪዲዮው ላይ የማይታየው ደግሞ በያጁ ነው፤ የተፈነቀለ ድንጋይ መትቶት ዳሌው ተሰበረ። የሱቄን በር የሠራልኝ ሰው ነው፤ በሩ እስካሁን ሲዘጋ ድምፅ የለውም። ዛሬ በክራንች ነው የሚሄደው። ቆሞ መበየድ ስላልቻለ ደጁ ላይ ወንበር አውጥቶ አላፊ አግዳሚውን ሲያይ ይውላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ አይደለም? ያውም ተበዳሪው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ።

ጫጩቱ በያጁን ሊጠይቀው መጣ፤ አልክድም። ብርቱካን ይዞ ነበር። ካሜራውንም ይዞ ነበር። ብርቱካኑን ሲሰጠው፣ ሲያቅፈው፣ ሲያለቅስ ሁሉ ተቀረጸ። የበያጁ ሚስት እንደነገረችኝ መጀመሪያ ሲተቃቀፉ ጥላ ስለነበረ ወደ መስኮቱ ዞር ብለው እንደገና ተቃቀፉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውየው ሱቄ ሲገባ እጁን ብቻ ሳይሆን ጥላውንም ነው የምጠብቀው።

ያለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጣ። እታለም፣ ይህን ያህል ዘመን ባንኮኒ ኋላ የቆመ ሰው፣ ገዢው ምን እንደሚገዛ አይቶ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ እኔ እንዴት ሊመለስ እንዳሰበም አውቃለሁ። በእግሩ ሊመለስ ያሰበ ሰው በገመድ ይከራከራል፤ ይጎትተዋል፣ ያሸተዋል፣ «ይህ ነገር እኔን ይችላል?» ይላል። ጫጩቱ ገመድ አልነካም። የገዛው ፊሽካ፣ ከሩቅ የሚታይ ብርቱካንማ የዝናብ ልብስ፣ ለስልኩ ደግሞ ፓወር ባንክ ነው። «ገመድህስ?» አልኩት። «አለችኝ ማዘር፣ አጭር ናት ግን ትበቃኛለች» አለ። ማዘር ይለኛል፤ መቼ እንደወለድኩት እንጃ። ከዚያ ፊሽካዋን እየፈተነ እንደ ዋዛ «ነገ እነማን ናቸው ተረኞቹ? ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አለ? ሰዉ እኮ እሱን ነው የሚወደው» አለኝ። ቀጥሎም «ከተደወለላቸው ለመድረስ ብዙ ይቆያሉ እንዴ?» አለ። ገና ሳይወጣ የሚወርድበትን የሰው ትከሻ የሚለካ ሰው ነበር ከፊቴ የቆመው።

ሸጥኩለት። እኔ ባልሸጥለት ጎረቤቴ ይሸጥለታል፤ ፊሽካ ደግሞ ለጠላትም የሚከለከል ዕቃ አይደለም። ወዲያው ግን ሱቁን ዘግቼ ጋሽ ቧንቧን ፍለጋ ሄድኩ። አንድ ሰው ቤት፣ የዕቃ ማጠቢያ ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ እግሩ ብቻ ሲታይ አገኘሁት። ለእግሩ ነገርኩት። «ይህ ሰው ሊወጣ ሳይሆን ሊወርድ ነው የሚወጣው። ለመዳን ሲል ነው የሚጠፋው» አልኩት። ከማጠቢያው ሥር «እህቴ፣ ቧንቧ ፈነዳ ብለው ሲጠሩኝ ማን አፈነዳው ብዬ አልጀምርም። መጀመሪያ ውሃውን እዘጋለሁ፤ ጥያቄው ወለሉ ከደረቀ በኋላ ነው» አለኝ። «ያው ሰው ያንኑ ቧንቧ በመዶሻ እየመታ ቢጠራዎትስ?» አልኩት። ይህን ጊዜ ከማጠቢያው ሥር ጭንቅላቱን አወጣ። አገጩ ላይ ዝገት ነበረበት። ትንሽ አሰበና «ያን ጊዜም ውሃውን እዘጋለሁ። መዶሻውን ግን ይዤበት እሄዳለሁ» አለ። ተመልሶ ገባ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ደመናው ከተራራው ትከሻ ወረደ። ልጅሽ ሥራ አልነበረውም፤ ጠዋት ወጣ ብሎ ተመልሶ ሱቁን ይዞልኝ፣ እኔ ምሳ ልበላ ቤት ደርሼ መጣሁ። ስመለስ በሩ ላይ ቆሞ ተራራውን ያያል። ወደ ባንኮኒው ዞሬ ስገባ ዓይኔ ጣውላው ላይ አረፈ። በቀይ ክር የታሰረው የልጅሽ ቁልፍ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል።

«ተደወለ እንዴ?» አልኩት። «አልተደወለም» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ልጠይቀው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ገበያ ላይ ቀድሞ ዋጋ የጠራ ይከስራል። ሚስማሬን በየመጠኑ መለየት ጀመርኩ። በሐሳቤ ግን ያላወጣሁት ያላወረድኩት አልነበረም። ትናንት ያኛው ስለዚህኛው ጠየቀ፤ ዛሬ ይህኛው ሳይጠራ ቁልፉን ሰቀለ። ተነጋግረው ቢሆንስ? ቪዲዮው ከወጣ ወዲህ ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ አብረን ፎቶ እንነሳ ይለዋል፤ እሱም ያፍራል እንጂ አይጠላውም፤ ፀጉር አስተካካዩ ጋ መሄዱም በዝቷል። የገዛ እህቴን ልጅ ጠረጠርኩት። አትቆጪ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ያሉት ለባዳ ብቻ አይደለም።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ያነሳሁት እኔ ነኝ። «ማዘር፣ እኔ ነኝ፤ ወደቅሁ፤ ከፏፏቴው በላይ ነኝ፤ እግሬ ተሰብሯል» ይላል። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን ያሰብኩት ሁለተኛውን እቅፍ ነው፤ ወደ መስኮቱ ዞር ብሎ የተቀረጸውን። ለጋሽ ቧንቧ ደወልኩ፤ ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ሱቄ ውስጥ ነበሩ፤ ዝናቡም አብሯቸው ደረሰ።

እኔ የመጋዘኑን በር ተደግፌ ቆምኩ። «አልከፍትም» አልኩ። «ዝናቡ እስኪያባራ ይቆይ። የዝናብ ልብስ ራሴ ሸጬለታለሁ፤ አዲስ ነው፣ አያስገባም» አልኩ። ፀጉር አስተካካዩ ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስ ግን ከእኔ ጋር ወገነ። «እኔ አንገቱን ጸጥ አድርጎ ለማይሰጠኝ ሰው ምላጭ አላነሳም፤ ገመድ ለምን አነሳለታለሁ? በያጁን ያየ ይፍረድ» አለ። ጋሽ ቧንቧ የቦቱን ክር ያስራል። የዓርቡን ግዢ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ተሳስተሻል ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። ልጅሽ ወደ እኔ ቀረበ። «አክስቴ፣ ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ። ብትሳሳቺስ? አንቺ ብትሳሳቺ የሚሞተው እሱ ነው» አለኝ። «አንተ ብትሳሳትስ? የምትሞተው አንተ፣ ለእናትህ የምጽፈው እኔ» አልኩት።

እታለም፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ያን ጊዜ የመጋዘኑን ቁልፍ ወንዝ ብወረውረው ትመርቂኝ ነበር። ግን እኔ የማውቀው መደራደር ነው። ለጋሽ ቧንቧ እንዲህ አልኩት፤ በአጭሩ መንገድ፣ በያጁ በተመታበት በላላው ድንጋይ ሥር አትሄዱም፤ ቢረዝምም በሸንተረሩ ትዞራላችሁ። ጭጋጉ ከዘጋ ባላችሁበት ትቆማላችሁ እንጂ «ትንሽ ቀረን» የሚባል ነገር የለም። ልጃችን ደግሞ የመጀመሪያውን ገመድ ይዞ ቀድሞ አይወርድም። «ሦስተኛውን አልችልልሽም፤ በያጁ ከቀረ ወዲህ እንደ ልጃችሁ የሚወርድልኝ የለም፤ ሌላውን ቃሌን ሰጥቻለሁ» አለ። ከፈትኩላቸው። ቁልፋቸውን ሰቀሉ። ጋሽ ቧንቧ የራሱን ሲሰቅል ዓይኑ ቀድሞ ተሰቅሎ በነበረው ቀይ ክር ላይ አረፈ፤ ከዚያ ልጅሽን አየ፤ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቃሬዛውን አንስቶ ወጣ። እኔም ማየቱን አየሁ።

ሲሄዱ ሱቁ ሰፋብኝ። ያኔ ጫጩቱ አንድ ጊዜ ቦት ጫማ አዝዞኝ ወደ እናቱ ቤት ላኪው ብሎ የሰጠኝ የስልክ ቁጥር ትዝ አለኝ። ደወልኩ፤ መመርመርም ፈልጌ ነበር። እናቱ አነሳች፤ «ልጅሽ ተራራ ላይ ወድቋል» ስላት «እንዲህ ያለውን ስልክ አውቀዋለሁ! ባለፈው ወንድምሽ ታሰረ ብላችሁ ጎረቤቴን አራቆታችኋት፣ ዛሬ ደግሞ ወደ እኔ መጣችሁ? ልጄ ሥራ ላይ ነው፤ እናንተ ሌቦች!» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስጠረጥር ኖሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠርጣሪ ሆንኩ፤ ብቻዬን ሳቅኩ። ጥቂት ቆይታ መልሳ ደወለች። ድምፅዋ ተለውጦ የሌላ ሴት መስሎ ነበር። «ስደውልለት አያነሳም። እውነት ነው እንዴ?» አለች። እውነት ነው፣ የእኛም ልጅ ሊያወርደው ወጥቷል አልኳት። «ልጅሽ ነው?» አለች። የእህቴ ነው አልኩ። «እናቱ ታውቃለች?» አለችኝ።

እታለም፣ ባንኮኒዬ ላይ ብዙ ጥያቄ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን አልሰማሁም። አታውቅም አልኳት።

ሊመሽ ሲል ወረዱ። ቁልፋቸውን አንድ በአንድ እያነሱ ሲሄዱ እኔ ቀይ ክሩን ብቻ ነበር የማየው። ልጅሽ ወደ መጨረሻው ገብቶ አነሳው። የቀኝ መዳፉን ገመድ ልጦታል፣ የራስ ቁሩም ላይ የድንጋይ ስንጥቅ አለ። ይህን ላልነግርሽ አስቤ ነበር፤ በኋላ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ጻፍኩት። ጫጩቱስ? ልክም ነበርኩ፣ ተሳስቼም ነበር። ቃሬዛው ላይ ሆኖ ለጋሽ ቧንቧ ራሱ ተናግሯል፤ ለመውረድ ቀላል የሆነ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ወደቅሁ ብሎ ደውሎ፣ ሲያድኑት ሊቀርጽ ነበር። ካሜራውን ሲተክል እርጥቡ ድንጋይ ከዳውና ካሜራውም እሱም ወደቁ፤ እግሩ ከምሩ ተሰበረ። የእናቱን ስልክ ያላነሳው አፍሮ ነው። ውሸት ሊደውል ወጥቶ እውነቱ ቀድሞት ጠበቀው። እኔ እንዳልኩት ዝናቡ እስኪያባራ ቢቆይ ኖሮ፣ ጋሽ ቧንቧ እንደሚለው፣ ለሬሳ ነበር የሚወጡት። ጋሽ ቧንቧ የሰውየውን አጭር ገመድ ጠቅልሎ ከጣውላዬ ጎን ሰቀለውና «ይህ አይመለስለትም፣ አይሸጥምም» አለ። መዶሻውን ይዞበት መጣ።

በማግስቱ ልጅሽ ግቢ ውስጥ የጭቃውን ገመድ በገንዳ ያጥባል፤ አጥበው በጥላ ነው የሚያደርቁት፣ ፀሐይ ይበላዋል። በርጩማ ይዤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። «ቁልፍህ ስልኩን በምን ቀደመው?» አልኩት። ገመዱን ማሸቱን አላቆመም። ቅዳሜ ጠዋት የመንገዱ መጀመሪያ ላይ ጫጩቱን አግኝቶት ነበር። ደመናውን አሳይቶ ተመለስ ብሎታል፣ ለምኖታል፣ ተቆጥቶታልም። ሰውየው ሳቀና «ብወድቅ ትመጣ የለም እንዴ?» አለው። «ምን አልከው?» አልኩ። «እመጣለሁ አልኩት» አለኝ። «ውሸት መናገር አልቻልኩም አክስቴ። አልመጣም ብለውስ ያምነኝ ነበር? ከዚያ ግን ወደ ሱቅ ስመለስ ቃሌ ከበደኝ። ፈርቼ እንዳልቀር ቁልፉን ቀድሜ ሰቀልኩት።» እጁ ገንዳው ውስጥ ቆመ። «ያቺን ቃል ባልላት ኖሮ ይመለስ ነበር ይሆን?» አለኝ።

ተነጋግረው ነው ያልኩት እውነት ነበር፤ እኔ እንደጠረጠርኩት ግን አልነበረም። ይህን ጥያቄ እስካሁን አገላብጠዋለሁ። የሚያነሳው እንዳለ ያወቀ ሰው መውደቅ አይፈራም። እንዳይወድቅ ልናስፈራራው ብንፈልግ ደግሞ በእርግጥ የማንሄድ ሰዎች መሆን አለብን፤ ያን ጊዜ ጭጋግ ውስጥ መንገድ የጠፋው ምስኪንም አብሮ ይሞታል። ከታች ሆኖ ከተራራው የሚደወለውን ድምፅ ለይቶ፣ ይህ ይገባዋል ይህ አይገባውም የሚል ሚዛን እኔ ሱቅ የለም። ቢኖር እገዛው ነበር።

ግን አደራሽን አልረሳሁም። ሰኞ ጠዋት ጋሽ ቧንቧ ጋ ሄጄ ስለ ቁልፉ ነገርኩት። ልጅሽን ደብቄ አይደለም፤ ልነግረው ነው ብዬው ነው የሄድኩት። «አይቼዋለሁ። በያጁ ቢኖር ያን ቀን አላወጣውም ነበር። ሰው ጎደለኝና እንዳላየ ሆንኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለኝ። ከዚያ ልጅሽን አስጠርቶ «መዶሻው የዚያ ሰውዬ ገመድ ብቻ መሰለህ? 'እመጣለሁ' ያልከውም መዶሻ ነው። የምንመጣው ሲጠሩን ነው፤ ቀድመን ቃል አንሰጥም» ብሎ የዝናቡ ወቅት እስኪያልፍ ድረስ ከታች ገመድ እንዲጠብቅ እንጂ እንዳይወጣ ፈረደበት። ልጅሽ አልተከራከረም። ከእኔ ጋር ግን መነጋገር ተወ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ይበላል፣ «ደህና እደሪ» የሚለውን ለግድግዳው ይነግረዋል። ፀጉር አስተካካዩ «የገመዷ እመቤት፣ ልጁን ከገደል አውርደሽ ከቤት ገደል ከተትሽው» ብሎ ይስቅብኛል።

የጫጩቱ እናት ሰኞ ዕለት በአውቶቡስ መጣች። ልጇ ተኝቶ ወደሚታከምበት ከመሄዷ በፊት ወደ በያጁ ቤት ነበር የሄደችው። በሩ ተዘግቶ ብዙ ቆየች፤ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ የቀረጸም የለም። ስትመለስ ሱቄ ገብታ ጣውላውን ቆማ አየችው፤ ምንነቱን ነገርኳት። «የእኔ ልጅ የቤቴን ቁልፍ ይዞ ነው የሚወጣው» ብላ ሄደች። ሰውየው ይማራል ብዬ ግን እንዳልዋሽሽ። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ ነው፤ እግሩ ሲድን በሌላ ተራራ እናየዋለን ብዬ እጠረጥራለሁ።

እስከዚህ ጽፌ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ዛሬ ረቡዕ ማለዳ ሱቁን ስከፍት ልጅሽ ተከትሎኝ ገባ። ከባንኮኒው ኋላ ዞሮ የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና፣ ስልክ ሳይደወል፣ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ደነገጥኩ። «ደግሞ ወዴት?» አልኩ። ከሰኞ ወዲህ የነገረኝ የመጀመሪያ ቃሉ ነው፤ «ወደ እናቴ። እስከዝናቡ ማብቂያ ካላወጡኝ እዚህ ምን እሠራለሁ? ቪዲዮውን እያየች ከምታለቅስ ራሴን አሳያታለሁ» አለኝ።

ስለዚህ እታለም፣ ይህን ደብዳቤ የሚሰጥሽ እሱ ነው። ፖስታውን ጠርዝ ጠርዙን ፈትሺ፤ ልጅሽ ቢሆንም ከፍቶ አንብቦ መልሶ ቢለጥፈው አይገርመኝም። መዳፉንም ገልብጠሽ እዪ፤ በጓንት ሊሸፍነው ይሞክራል። አውርጂልኝ ብለሽ ነበር፤ ይኸው ደጃፍሽ ድረስ አውርጄዋለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን አንቺ ጠይቂው፤ አትውጣ ማለትም መብቱ ያንቺ ነው። «ብትሳሳቺስ?» ሲልሽ የምትመልሺለት ካለሽ ለእኔም ጻፊልኝ፤ እኔ አላገኘሁለትም። ካስቀረሽው አልቀየምሽም። ቁልፉን ግን ላኪልኝ እንዳትዪኝ፤ የሌላውን ቁልፍ እዚህ ማንም አያነሳም። ወይ እሱ መጥቶ ያነሳዋል፣ ወይ እዚያው ይዝጋል፤ እኔ ዙሪያውን እየጠረግኩ እጠብቃለሁ።

ለባለቤትሽ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የሚወለውለው ጫማ ካጣ የልጁ ቦት አለለት በይው። ለትንሿ ልጅሽ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የጠየቀችኝን የዝናብ ልብስ ልኬላታለሁ፣ ብርቱካንማውን ሳይሆን ሰማያዊውን። ለአማትሽ እጅ ነስቻለሁ፤ የላኩላት የራስ ባትሪ ለመጸዳጃ ቤት መንገዷ እንጂ ለተራራ እንዳልሆነ አስረዷት። ቪዲዮውን ላሳየችሽ የጎረቤት ልጅም ሰላም በያት፤ ሁለተኛ ቪዲዮ ከማሳየቷ በፊት ግን እኔን ታማክረኝ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከተራራው ሥር፣ ከገመድ ሱቁ
ረቡዕ፣ መስከረም 23 ቀን